የትራም ሐዲድ ሥራ በመሃል ከተማ፦ መንገዱ ተዘግቶ ሠራተኛ የማይታየው ለምንድን ነው?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ በምመላለስበት መሃል ከተማ የትራም ሐዲድ እየተዘረጋ ነው። ዋናው መንገድ ከተቆፈረ ቆይቷል። ታጥሯል፣ ማሽኖች ቆመዋል፣ ቱቦዎች ተከምረዋል። ሰው ግን የለም። አልፎ አልፎ ሁለት ሦስት ሠራተኞች አንድ ጉድጓድ ከበው ወደ ታች ያያሉ። ከዚያ ይሄዳሉ። አውቶቡሳችን በተለዋጭ መንገድ ይዞራል። ፌርማታው ደግሞ በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። ዝናብ ላይ ቆመው የድሮው ፌርማታ ጋ የሚጠብቁ አዛውንቶች አያለሁ። አውቶቡሱ ግን በሌላ መንገድ አልፏል።

ትራሙን አልቃወምም፤ እንዲያውም ቶሎ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን መንገድ ዘግቶ አለመሥራት ምን ይባላል? ለምን አንዱ ቦታ ተደፍኖ እንደገና ይቆፈራል? ማለቂያው ቀንስ ለምን ሁልጊዜ ወደፊት ይገፋል? ስድብና ምሬት በየቦታው ሞልቷል። እኔ የምፈልገው መልስ ነው።

የሐዲድ ሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል።

ትራም ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ሐዲዱን ነው። ሐዲዱ ግን ከሥራው ቀላሉ ነው። ጊዜ የሚበላው ከሥር ያለው ነው። የመሃል ከተማ አስፋልት ሥር የውሃ ቧንቧ አለ፣ የፍሳሽ መስመር አለ፣ ጋዝ፣ የመብራት ኬብል፣ ስልክ፣ ፋይበር አለ። ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አብዛኞቹ ወደ ጎን መነሳት አለባቸው። ለምን? አንደኛ፣ ሐዲዱ ኮንክሪት ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ከሥሩ ያለ ቧንቧ ቢፈነዳ ትራሙን አቁመሽ፣ ኮንክሪቱን ሰብረሽ ነው የምትደርሽበት። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ትራም የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 750 ቮልት በሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ከላይ በሽቦ ይመጣል፣ በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። ሐዲዱ ከመሬት በደንብ ካልተለየ የተወሰነው ወደ አፈሩ ያመልጥና በአቅራቢያው ያለ የብረት ቧንቧ ይይዛል። ቧንቧውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ሐዲዱ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ጎማ የሚለብሰው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። እያንዳንዱ መስመር ባለቤት አለው። የውሃው የራሱን ሰው ያመጣል፣ የመብራቱ የራሱን፣ የስልኩ የራሱን። ብዙ ጊዜ ጥልቁ ይቀድማል፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። የመብራት ኬብል ደግሞ በፈለጉት ሰዓት አይቋረጥም፤ ፈቃድ አለው፣ ወረፋ አለው። ፋይበር ሲዛወር አንዱ ክር ከሌላው ክር ጋር አንድ በአንድ ነው የሚገጠመው። ያንን የሚሠሩት ሰዎች ማንሆል ውስጥ ናቸው፤ ከመንገድ ላይ አይታዩም።

እነዚያ ጉድጓድ ከበው ወደ ታች የሚያዩት ሠራተኞች ምናልባት ካርታው ላይ የሌለ ቧንቧ አግኝተው ይሆናል። የድሮ ካርታዎች ይሳሳታሉ። ቧንቧው የተቋረጠ ነው ወይስ አሁንም ይሠራል? ማንም «የኔ ነው» ካላለ መቁረጥ አይቻልም። እስኪታወቅ ድረስ ማሽኑ ይቆማል፤ አጥሩ ግን አይነሳም፣ ጉድጓዱ ክፍት ነውና።

ሹፌር ነኝ

የሐዲድ ሰው ያለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ከመሪው በኩል ያለውንም ስሙ።

ተለዋጭ መንገድ ካርታ ላይ መስመር መሳል ብቻ አይደለም። ረጅም አውቶቡስ በጠባብ መታጠፊያ ሲዞር የኋላው ጎማ የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል። ጥጉ ላይ አንዲት መኪና ከቆመች አለቀ፤ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። የትራፊክ መብራቱ ደግሞ የተስተካከለው ለድሮው ፍሰት ነው። ጸጥ ይል የነበረው መንገድ አሁን የዋናውን መንገድ መኪና ሁሉ ይሸከማል፤ አረንጓዴው ግን እንደ ድሮው አጭር ነው። አንድ አውቶቡስ ሲዘገይ ፌርማታው ላይ ሰው ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን ለመጫን ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላ ያለው ይደርስበታል፤ ከዚያ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ። ተሳፋሪው «ስንት ሰዓት ጠብቄ ሁለት በአንዴ» ብሎ እኔ ላይ ይጮኻል። አልፈርድበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ለውጡን ጠዋት መሪ ከጨበጥኩ በኋላ መስማቴ ነው። ፌርማታው ማታ ተነስቶ ያድራል። ለሹፌር ያልተነገረ ነገር ለተሳፋሪ እንዴት ይነገራል?

ሐዲድ ሥራው ሳይጀመር ሦስት ነገር መደረግ ነበረበት፦ በተለዋጩ መንገድ ላይ መኪና ማቆም መከልከል፣ የመብራቶቹን ጊዜ መቀየር፣ ቢቻል ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር መስጠት። ሦስቱም ከአንድ ቀን የኮንክሪት ሥራ ይረክሳሉ።

ጥያቄ አለኝ

እኔ ደግሞ ከመሠረቱ እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ መከራ ለምን? ሹፌራችን እንዳለው ለአውቶቡስ የራሱ መስመር ከተሰጠው፣ መብራቱ ቅድሚያ ከሰጠው፣ ሰው ይመላለሳል። መሬት መቆፈር የለ፣ ቧንቧ ማንሳት የለ። ትራም የጀመሩ ከተሞች ምን እንደደረሰባቸው የስኮትላንዷን ኤዲንብራ ማየት ይበቃል።

ከዳር የሚያይ

ኤዲንብራ ከተነሳች በደንብ እናንሳት። የዚያን ፕሮጀክት ነገር ለረጅም ጊዜ ተከታትያለሁ። ትምህርቱ «ትራም አትሥሩ» የሚል አይመስለኝም። (ወራቱም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቧንቧና ኬብል ማንሳቱ የተጀመረው በ2007 ነው። የግንባታ ውሉ በ2008 ሲፈረም ዲዛይኑ ገና አላለቀም፣ ከመሬት ሥር ያለውም አልተነሳም ነበር። የከተማዋ ዋና የገበያ ጎዳና፣ ፕሪንስስ ስትሪት፣ በየካቲት 2009 ለመኪና ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተከፈተ። ሰው ተገላገልን አለ። ከዚያ በሐዲዱ ዳርና ዳር ያለው የመንገዱ ገጽ መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ በ2011 እንደገና ተዘግቶ ተሠራ። በመሃሉ አሠሪውና ሥራ ተቋራጮቹ «ለተጨማሪው ሥራ ማን ይከፍላል» በሚለው ተጣልተው ሥራው ለወራት ቆሟል።

መጨረሻ ላይ መስመሩ ተቆረጠ። ከአየር ማረፊያ ተነስቶ ባሕር ዳርቻ እስከ ኒውሄቨን ይደርሳል የተባለው መሃል ከተማ ላይ ቀረ። 545 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦለት የነበረው 776 ሚሊዮን ወጥቶበት፣ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ፣ ግንቦት 31 ቀን 2014 ሥራ ጀመረ። ሦስት ዓመት ዘግይቷል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ወደ ኒውሄቨን በሚወስደው ጎዳና፣ በሌዝ ዎክ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከ2007 ጀምሮ መንገዳቸው ተቆፈረ፣ ቧንቧዎች ተነሱ፣ ሱቆች ደንበኛ አጡ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠና ትራሙ ሳይመጣላቸው ቀረ። የመጣላቸው በሰኔ 2023 ነው። ያ ሰፈር ለአንድ ትራም ሁለት ጊዜ ተቆፍሯል።

ፕሮጀክቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንዲመረምር የተሾመው ዳኛ ሪፖርቱን ያወጣው በመስከረም 2023 ነው። ምርመራው ራሱ ዘጠኝ ዓመት ወስዷል። ዋናውን ጥፋት የጣለው ፕሮጀክቱን እንዲመራ በከተማው ምክር ቤት በተቋቋመው ኩባንያ ላይ ነው። ምክር ቤቱንና የስኮትላንድ መንግሥት ሚኒስትሮችንም አላለፋቸውም።

መንገደኛዋ

አመሰግናለሁ። የሌዝ ዎክን ሳነብ ልቤ ተነካ። እኛም ጋ አንድ ማዕዘን ተቆፍሮ፣ ተደፍኖ፣ አስፋልት ለብሶ እንደገና ተቆፍሯል። ታዲያ የኒውሄቨኑ ሁለተኛው ሥራ እንዴት ሄደ? ያው ችግር ተደገመ?

ከዳር የሚያይ

አልተደገመም። ለዚህ ነው ኤዲንብራን ለሁለቱም ነገር ምሳሌ የማደርጋት። ከ2019 መጨረሻ እስከ 2023 አጋማሽ ተሠራ፤ 207 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦለት በዚያው ዙሪያ አለቀ። በመሃሉ ወረርሽኙ ነበር።

ምን ተቀየረ? ሰፊ ቦታ አንድ ጊዜ ዘግተው ቧንቧውንም ሐዲዱንም በአንድ ቁፋሮ ጨረሱ። የመጀመሪያው ጊዜ ቧንቧ አንሺው ቆፍሮ ይደፍናል፣ ከዓመት በኋላ ሐዲድ ዘርጊው መጥቶ ያንኑ ይቆፍራል። በሁለተኛው ግን «አንዴ ተቆፍሮ ይለቅ» አሉ። ሱቆቹ ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ አዘጋጁላቸው፤ ከዚያ በጋሪ እስከ ደጃፋቸው የሚያደርስ ሰው መደቡ።

ያልጠበቁት ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። ኮንስቲትዩሽን ስትሪት ላይ የድሮ የቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ከመንገዱ ሥር ይገባል። በመጀመሪያው ሥራ ጊዜ ወደ 400 የሚጠጋ አፅም ወጥቷል። በሁለተኛው ግን አስቀድመው ስላወቁ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮውን በዕቅዱ ውስጥ አስገቡት። መቃብሩ ያው መቃብር ነው፤ ልዩነቱ ጊዜ ተይዞለት መጠበቁ ላይ ነው።

ማዕዘን ላይ ያለችው

እኔ የተዘጋው መንገድ ላይ ትንሽ መደብር አለኝ። እስካሁን ስለ መኪናና አውቶቡስ አወራችሁ፤ ስለኛም ትንሽ ልበል።

«መንገዱ ለእግረኛ ክፍት ነው» ይሉናል። ወረቀት ላይ ክፍት ነው። አጥሩ ግን ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከማዶ የሚያልፍ ሰው መደብሬን አያየውም። የተረፈው መተላለፊያ ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ሕፃን በጋሪ የያዘች እናት ሌላው ሰው እስኪያልፍ ቆማ ትጠብቃለች። አንዴ መጥቶ የተንገላታ ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም። አቧራው ዕቃዬ ላይ ያድራል። ዕቃ አቅራቢዬ መኪናውን የሚያቆምበት ስለሌለው በፈለገው ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። ኪራዩ ግን በቀኑ ይመጣል።

ሲጀምሩ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ የሚያልቅበትን ወር ነገረን። በዚያ ወር ቆጥሬ ተበደርኩ። ወሩ አለፈ፤ አዲስ ወር ተነገረን፤ እሱም አለፈ። መጀመሪያውኑ እውነተኛውን ቢነግሩኝ ሌላ ቦታ እከራይ ነበር። ወይም ሠራተኛዬን እንደዚያ በድንገት አላሰናብትም ነበር። እኔን የጎዳኝ ከመዘጋቱ ይልቅ በተሰጠኝ ቀን ማመኔ ነው።

የሲድኒ ነጋዴዎችን ነገር ያነበበ አለ?

ከዳር የሚያይ

እህቴ፣ አይዞሽ። የሲድኒው ካንቺ ጋ ካለው ጋር በጣም ይመሳሰላል።

በከተማዋ ዋና ጎዳና በጆርጅ ስትሪት ላይ የትራም ሥራው የተጀመረው በጥቅምት 2015 ነው። መንገዱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ለነጋዴው ተነገረ። ነጋዴውም በዚያ ተማምኖ ዕቅድ አወጣ። ብዙዎቹ ክፍሎች ከተባለው ጊዜ አለፉ። ከመሬት ሥር የነበሩት የኤሌክትሪክ ኬብሎች ትልቁ ጣጣ ነበሩ። ሥራ ተቋራጩ «ስለነሱ አስቀድሞ በትክክል አልተነገረኝም» ብሎ መንግሥትን ከሰሰ፤ በ2019 ተጨማሪ 576 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተከፍሎት ታረቁ። 12 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በታኅሣሥ 2019፣ ሁለተኛው በሚያዝያ 2020 ተከፈተ። መጀመሪያ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ የነበረው ወደ 3 ቢሊዮን ተጠጋ። ነጋዴዎቹም ተሰባስበው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል።

ዛሬ ጆርጅ ስትሪት ሰው የሚንሸራሸርበት ውብ ጎዳና ነው። ይህ እውነት ነው። ግን በመሃሉ የዘጉት ሱቆች ውበቱን አላዩትም።

የሐዲድ ሰው

የመደብሩን ባለቤት ሐሳብ እደግፋለሁ። ሐሰተኛ ቀን ከማንኛውም ማሽን የበለጠ ይጎዳል። እኛ ሳይት ላይ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ ቀኑ እንደማይደርስ ቀድመን እናውቃለን። ለሕዝብ የሚነገረው ግን ከላይ ተፈቅዶ ነው። ይህ መለወጥ አለበት።

ስለ አሠራር ልጨምር፤ ነገሩ አንድ መንገድ ብቻ የለውም። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ በሐምሌ 2001 የከፈተችው ትራም ለብዙ የአሜሪካ ከተሞች አርአያ ሆኗል። እነሱ የኮንክሪት መደቡን ቀጭን አደረጉት፤ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል የማይሞላ። ብዙ ስላልቆፈሩ ብዙዎቹን ቧንቧዎች ሳያነሱ አለፏቸው። ሥራውንም ጥቂት ብሎክ ወስደው፣ በሳምንታት ውስጥ ጨርሰው፣ ወደ ቀጣዩ እየዘለሉ ነው የሠሩት። ለአንድ ሱቅ መከራው አጭር ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም እንደነሱ አያደርግም? ቧንቧው አሮጌ ከሆነ ሳትነኪው ብታልፊ ነገ ይፈነዳል። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ካንሳስ ሲቲ ዋና ጎዳናዋን ስትቆፍር ያረጁትን የውሃና የፍሳሽ መስመሮችም አብራ ቀየረች። ትራሙ በግንቦት 2016 ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሥራው ከበደ፤ ግን በኋላ ለቧንቧ ተብሎ ሐዲዱ አይሰበርም። በአጭር በአጭሩ ወይስ በሰፊው አንዴ? መልሱ ያለው ከአስፋልቱ ሥር ነው። ስለዚህ ቀን ከመነገሩ በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው። የመሬት ራዳር አለ። አፈሩን በአየር ወይም በውሃ ግፊት አላልቶ በቱቦ የሚመጥና ቧንቧ የማይጎዳ ማሽንም አለ። የሙከራ ጉድጓድ ዋጋው ለጠቅላላው ሥራ ኢምንት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ቀድሞ ይወሰንና ጉድጓዱ በኋላ ይቆፈራል።

አንድ ሌላ የማይታይ ነገር፦ ትራሙ መስመር የሚቀይርበት መገጣጠሚያ የሚሠራው ለዚያ መስቀለኛ መንገድ ብቻ ተለክቶ ነው። ከወራት በፊት ይታዘዛል። ብረቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ አንድ ያልተጠበቀ ትልቅ ቱቦ መስመሩን ትንሽ ቢገፋው ብረቱ አይገጥምም። ያ መስቀለኛ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አራቱም አቅጣጫ ነው የሚዘጋው።

ጥያቄ አለኝ

ጥሩ ማብራሪያ ነው። «አንዴ ተቆፍሮ ይለቅ» የሚለው ግን አደጋ አለው። ዋሽንግተን ዲሲ ኤች ስትሪት የሚባለውን ጎዳና ስታድስ ሐዲዱን አብራ ቀበረች። ደግመን አንቆፍርም ብለው ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ትራሙ ሰው መጫን የጀመረው ግን በየካቲት 2016 ነው። ሐዲዱ ለዓመታት ያለ ትራም ተቀምጧል፤ ብስክሌተኛው ይወድቅበታል፣ ነጋዴው ይጠብቃል። መቆፈር ያለበት ትራሙ፣ መጋዘኑና የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ በእጅ ሲኖር ነው።

አሁንም አውቶቡስ እመርጣለሁ። ትራም ከተወሰነ ግን በጨዋ ደንብ ይሠራ።

በነጭ ዘንግ

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። አንድ የረሳችሁትን ነገር ልንገራችሁ።

መሃል ከተማውን በእግሬና በዘንጌ አውቀዋለሁ። የመሻገሪያው ድምፅ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ አየሩ የሚለወጥበት የሕንፃ ጥግ፣ ሁሉም ምልክቴ ነው። የሐዲድ ሥራ ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወስደዋል። ለዓይናማ ሰው ቀስት ያለበት ሰሌዳ ይለጠፋል። ለኔ ምንም የለም። የፕላስቲክ ሪባን ብቻ ወጥረው የሚተዉት ቦታ አለ፤ ዘንግ ከሥሩ ያልፋል፣ ከዚያ ጉድጓድ ነው። አጥር ከታች ዘንግ የሚነካው ጠንካራ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል። የአጥሩ እግር ወደ መተላለፊያው መውጣት የለበትም። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት በሁለቱም ጫፍ መኖር አለበት፤ በአንዱ ብቻ ሲሆን ሰውየው ገብቶ መውጫ ያጣል።

«ሹፌር ነኝ» ያልከው ወንድሜ፣ ፌርማታው ሲቀየር የድሮው ጋ ቆሜ ብታየኝ እባክህ ጥሩንባ ብቻ አትንፋ። በሩን ከፍተህ የመስመሩን ቁጥር በቃል ንገረኝ።

ሹፌር ነኝ

ወንድሜ፣ እሺ፣ አደርገዋለሁ። ለባልደረቦቼም ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። ያልከውን ስለ አጥሩ ለአለቆቼ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ባለ ሁለት ጎማ

ስለ ብስክሌት ባጭሩ። የትራም ሐዲድ ጎድጓዳው የብስክሌት ጎማ ይውጣል። ሐዲዱን በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ መሻገር ነው፤ በሰያፍ ከሆነ በተለይ ዝናብ ላይ ያንሸራትታል። ችግሩ የሥራው አጥር ብስክሌተኛውን ገፍቶ ሐዲዱን በሰያፍ እንዲሻገር ያስገድደዋል። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ኤዲንብራ ውስጥ ብዙዎች ተጎድተዋል፤ በ2017 አንዲት ወጣት ሐዲዱ ጋ ወድቃ በመኪና ተገጭታ ሕይወቷ አልፏል። ተለዋጭ መንገድ ሲነደፍ ብስክሌት የሚሻገርበት ማዕዘን አብሮ ይነደፍ።

ካርታ ወዳድ

ስለ መጨናነቁ አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ሲዘጋ «ያ ሁሉ መኪና ወደ ጎን መንገዶች ይፈስሳል» ይባላል። የተወሰነው ይፈስሳል። ሁሉም ግን አይደለም። በ2002 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ከ11 አገሮች ከ70 በላይ ጉዳዮችን አይቷል። በግማሾቹ ጉዳዮች፣ የተዘጋውና በዙሪያው ያለው መንገድ አንድ ላይ ሲቆጠር፣ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆነው የትራፊክ ፍሰት ጠፍቷል። ሰው ሰዓቱን ይቀይራል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ሁለት ጉዳይ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል፣ ወይም ጭራሽ አይወጣም።

ማዕዘን ላይ ያለችው

«ጭራሽ አይወጣም» ያልከው የኔ ደንበኛ ነው። ለትራፊክ ጥናት ጥሩ ዜና ይሆናል። ለመደብሬ ግን አይደለም።

ካርታ ወዳድ

ልክ ነሽ፣ እህቴ። ለዚህ ነው በእግርና በአውቶቡስ የሚመጣው ሰው መንገዱ እንዲመቸው አጥብቆ መሥራት የሚያስፈልገው። መኪናው ሲቀንስ ያ ሰው ካልተተካ መሃል ከተማው ባዶ ይሆናል።

የአየርላንዷ ደብሊንም አንድ ነገር ታስተምራለች። ሉአስ የሚባሉት ሁለቱ የትራም መስመሮቿ በ2004 ሲከፈቱ መሃል ከተማ ላይ አይገናኙም ነበር። ለማገናኘት ሥራ የተጀመረው በ2013 ነው፤ በታኅሣሥ 2017 ተከፈተ። ከድሮ ቤቶች የሚወጡ ምድር ቤቶች ከመንገዱ ሥር ይገቡ ስለነበር አንድ በአንድ መታየት፣ መሞላት ወይም መጠናከር ነበረባቸው። ከተከፈተም በኋላ ረጃጅሞቹ ትራሞችና አውቶቡሶቹ ኮሌጅ ግሪን በሚባለው የመሃል ከተማ ሥፍራ ላይ ተጨናንቀው አንዳንድ የአውቶቡስ መስመር ከዚያ መነሳት ግድ ሆኗል። የአውቶቡሱ ነገር ከሐዲዱ ጋር አብሮ ካልታሰበ አጥሩ ቢነሳም መዘግየቱ አይነሳም።

መንገደኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ቢያንስ ምን እንደምጠይቅ አውቄያለሁ። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ የሚከተለውን እጠይቃለሁ። በእያንዳንዱ ብሎክ ላይ አሁን ያለው ሥራ የማን ነው፤ የውሃ፣ የመብራት ወይስ የስልክ? ያ በየሳምንቱ አጥሩ ላይ ይለጠፍ። «ሥራ ላይ ነን» የሚል ሰሌዳ አይበቃኝም። ሠራተኛ ከሌለ ለምን እንደሌለ ይጻፍ። ፌርማታ ሲቀየር ቀድሞ ለሹፌሩም ለተሳፋሪውም ይነገር፣ የድሮው ፌርማታ ላይም በድምፅ ጭምር። የማለቂያው ቀን ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ሆኖ አይነገረን፤ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይነገረን፣ ከመሬት ሥር ገና ያልታየው ምን ያህል እንደሆነም ይጨመርበት።

የጎደለ ካለ ጨምሩልኝ።

የሐዲድ ሰው

አንድ ጨምሪ። ሐዲዱ ካለቀ በኋላ የሙከራ ጊዜ አለ። ሽቦው ኤሌክትሪክ ይገባበታል፣ ባዶ ትራሞች ይመላለሳሉ፣ ነጂዎች ይሠለጥናሉ። ወራት ይወስዳል። «አለቀ» ሲሉሽ መንገዱ የሚከፈትበትን ነው ወይስ ሰው የሚሳፈርበትን? ለይተው ይንገሩሽ።

ማዕዘን ላይ ያለችው

እኔ የማነሳው የካሳን ጉዳይ ነው። ሌላ አገር በትራም ሥራ ለተጎዳ ነጋዴ ያለ ፍርድ ቤት የሚከፈልበት መንገድ አለ ወይ?

ከዳር የሚያይ

አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ትራም የሚሠሩ ከተሞች በአብዛኛው ለዚሁ ሥራ የስምምነት ኮሚሽን ያቋቁማሉ። ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ዳኛ ነው፤ የንግድ ምክር ቤት ተወካይም ይቀመጣል። ነጋዴው ማመልከቻ ያስገባል፣ ባለሙያ ሒሳቡን ያያል፣ ኮሚሽኑ መጠኑን ያቀርባል። የሚከፈለው ሥራው ሳያልቅ ነው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ማንንም አያድንም።

እዚያ የሚታየው በሥራው ጊዜ የነበረው ሽያጭ ከቀደሙት ዓመታት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲነጻጸር ነው። ስለዚህ ኮሚሽን ይኑርም አይኑርም ከአሁኑ ያዥ። ያለፉት ሦስት ዓመታት የሽያጭ መዝገብሽን በየወሩ ለይተሽ አስቀምጪ። መግቢያሽ ሲዘጋ፣ አጥሩ ሲቀርብና ሲርቅ ፎቶ አንሺ፣ ቀኑ ይታይ። ውሃና መብራት የተቋረጠበትን ሰዓት ጻፊ። የተሰጠሽን ደብዳቤ ሁሉ፣ በተለይ የማለቂያ ቀን የተጻፈበትን፣ አትጣይ። በቃል ብቻ የነገሩሽ ከሆነ «በዚህ ቀን እንዲህ ብላችሁኛል» ብለሽ በጽሑፍ ላኪላቸውና ቅጂውን ያዥ። ጎረቤቶችሽም እንደዚሁ ያድርጉ፤ ማመልከቻው ከመንገዱ ሁሉ በአንድ ላይ ሲመጣ ይሰማል።

ማዕዘን ላይ ያለችው

የመጀመሪያው ደብዳቤ አለኝ። ቀኑ ተጽፎበታል። የሽያጭ መዝገቡን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፤ ለጎረቤቶቼም ያልከውን አትሜ እሰጣቸዋለሁ። መንገደኛዋ፣ ስብሰባው የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አብረን እንገባለን።